የሩት ፓስወርድ አልቀየር ሲል፦ በሊኑክስና በሌሎች ዩኒክስ ሰርቨሮች ላይ ችግሩን ነቅሶ ማውጫ

የሰርቨሩን የሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ዋናው አካውንት) ፓስወርድ ሊቀይሩ ሲሉ «ኦተንቲኬሽን ቶክን ማኒፑሌሽን ኤረር» የሚል ምላሽ መጣ እንበል። ወይም «ተሳክቷል» ካለ በኋላ በአዲሱ ፓስወርድ ሲሞክሩ አልገባ አለ። ሁለቱ ተመሳሳይ ይምሰሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ ፋይሉ ላይ መጻፍ አቅቶት ነው፤ በሁለተኛው ግን ጽሕፈቱ አልቆ፣ በር ላይ የቆመው አካል ነው እምቢ ያለው። ይህን ሳይለዩ ፓስወርዱን አሥር ጊዜ መቀያየር አካውንቱን ከማስቆለፍ ያለፈ ትርፍ የለውም።

አንድ ማሳሰቢያ አስቀድመን እናንሳ። ትእዛዞቹን ሲነበቡ እንደሚሰሙት በፊደል ጽፈናቸዋል፤ ኪቦርድ ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይተይቧቸው፤ ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበት ቦታ ሲመጣ እንናገራለን። ሰረዝ ካየን የአማራጭ ምልክት ነው። ዋናው ትእዛዝ «ፓስወድ» ነው፦ ፒ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ኤስ፣ ደብሊው፣ ዲ። «ፓስወርድ» ከሚለው ቃል ኦ እና አር ተቀንሰውበታል፤ በጥድፊያ ሙሉውን ቃል የሚተይብ ሰው ጥቂት አይደለም።

ከመንካትዎ በፊት

1. ሁለት መስኮት ይክፈቱ፤ በሁለቱም ሩት ይሁኑ። አንደኛውን ሥራው እስኪያልቅ አይንኩት። አስቀድሞ የተከፈተ የሩት ሴሽን ፓስወርዱ ስለተቀየረ አይዘጋም፤ ነገር ቢበላሽ መመለሻዎ እሱ ነው።

2. የፓስወርድ ፋይሉን ቅጂ ይያዙ፦ «ሲፒ -ፒ /ኢቲሲ/ሻዶው /ሩት/ሻዶው.ባክ»። ቅጂው /ሩት ውስጥ እንጂ /ቲኤምፒ ውስጥ አይቀመጥም፤ የሁሉም ተጠቃሚ ሃሽ (ወደ ኋላ እንዳይፈታ ተደርጎ የተቀየረው የፓስወርዱ መልክ) በውስጡ አለና።

3. የማንን ፓስወርድ እየቀየሩ እንደሆነ ያረጋግጡ። በተራ ተጠቃሚነት «ፓስወድ» ብቻ ብለው ከጻፉ የሚቀየረው የራስዎ ነው። «ሱዶ ፓስወድ» ካሉ ግን የሩት ይቀየራል። ስሙን ጨርሶ መጻፍ ይሻላል፦ «ሱዶ ፓስወድ ሩት»።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ሌላም ግራ መጋባት አለ። «ሱዶ» የሚጠይቀው የራስዎን ፓስወርድ ነው፤ «ኤስዩ» የሚጠይቀው ሊሆኑት የፈለጉትን ሰው ፓስወርድ ነው። ኡቡንቱ ሲጫን ሩት ፓስወርድ ስለማይሰጠው «ኤስዩ» ቢሉ በምንም ቃል አይከፈትም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ እንዲያው ተደርጎ የተሠራ ነው።

ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም?

ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። እንዲህ ይጠይቁት፦

«ግሬፕ ^ሩት: /ኢቲሲ/ሻዶው»

የሚወጣው አንድ መስመር በሁለት ነጥብ የተከፋፈሉ ዘጠኝ ክፍሎች አሉት። ለዚህ ሥራ የሚፈለጉት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። ሁለተኛው ሃሹ ነው። በ$6$ ከጀመረ ኤስኤችኤ-512፣ በ$ዋይ$ ከጀመረ ዪስክሪፕት፣ በ$1$ ከጀመረ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ኤምዲ5 ነው። ፊቱ ላይ ! ካለ አካውንቱ ተቆልፏል፤ ቦታው ላይ * ብቻ ካለ ደግሞ በፓስወርድ መግባት ጭራሽ አይቻልም። ሦስተኛው ፓስወርዱ የተቀየረበት ቀን ነው፤ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በቀናት ነው። ለምሳሌ 20454 ማለት ጃንዋሪ 1 ቀን 2026፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።

ከመቀየርዎ በፊት የሃሹን የመጨረሻ አምስት ስድስት ምልክቶች በዓይንዎ ይያዙና ከቀየሩ በኋላ ያወዳድሩ። ፓስወርዱ ዛሬ ቀደም ብሎም ተቀይሮ ከነበረ ሦስተኛው ክፍል ለውጥ ስለማያሳይ፣ አስተማማኙ ምስክር ሃሹ ነው። ሃሹ ካልተለወጠ የሚቀጥለውን ክፍል ያንብቡ፤ ከተለወጠ እሱን ይዝለሉት።

ሃሹ ካልተለወጠ፦ ፋይሉ ላይ መጻፍ ያልተቻለበት ምክንያት

«ፓስወድ» ነባሩን ፋይል ከፍቶ በውስጡ አያርምም። /ኢቲሲ ውስጥ አዲስ ቅጂ ይጽፋል፣ ከዚያ ስሙን ቀይሮ በአሮጌው ቦታ ይተካዋል። ይህን አንዴ ከያዙ ችግሮቹ ሁሉ በቦታቸው ይገባሉ፤ ቦታ ካጣ፣ ፎልደሩ መጻፍ ከከለከለ፣ ወይም ስም መቀየር ካልተቻለ ሥራው ይከሽፋል። የስህተት መልእክቱ ግን ምክንያቱ ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ ያው አንድ ነው፤ ለዚህም ነው መልእክቱን ደጋግሞ ማንበብ ምንም የማይፈይደው።

በምናየው ድግግሞሽ ቅደም ተከተል እንመልከታቸው።

ዲስኩ ለንባብ ብቻ ሆኗል። «ፋይንድኤምኤንቲ /» ብለው በአማራጮቹ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ «አርኦ» ካገኙ ተገኘ። በማዳኛ ሁኔታ ቡት ካደረጉ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ «ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /» ይፈታዋል። ሰርቨሩ በተለመደው መንገድ እየሠራ ሳለ «አርኦ» ከሆነ ግን ረጋ ይበሉ። ኤክስት4 የተባለው ፋይል ሲስተም የተበላሸ ነገር ሲያገኝ ራሱን ወደ ንባብ ብቻ እንዲያዞር ብዙ ጊዜ ይዋቀራል፤ ኡቡንቱ ለስር ክፍልፋዩ በኤፍኤስታብ ውስጥ ይህን ያዘጋጃል። መብራት ድንገት ሄዶ፣ ዩፒኤሱም ሳይሸከም በቀረ ማግስት የሚመጣው ይህ ነው። «ዲኤምሰግ» ብለው የዲስክ ስህተት ካዩ በግድ ወደ መጻፍ አይመልሱት፤ መጀመሪያ ከላይቭ ሚዲያ ተነስተው፣ ክፍልፋዩ ማውንት ሳይደረግ «ኤፍኤስሲኬ» ያሂዱ። የሚንኮታኮት ዲስክ ላይ የፓስወርድ ፋይል መጻፍ ያለውንም ማጣት ሊሆን ይችላል።

ዲስኩ ሞልቷል። «ዲኤፍ -ኤች /» የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ «ዲኤፍ -አይ /» ብለው አይኖዶቹንም (ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ አንድ የሚያስፈልገውን የመዝገብ ቦታ) ይዩ። ጊጋባይት ሙሉ ባዶ ቦታ እያለ አይኖድ ካለቀ አዲስ ፋይል አይፈጠርም፤ ሚሊዮን ጥቃቅን የሴሽን ፋይል ወይም ያልተላከ የፖስታ ወረፋ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ኤክስት4 አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶውን ለሩት ስለሚያስቀር፣ ሩት ራሱ መጻፍ ካቃተው ያ መጠባበቂያም ተሟጧል ማለት ነው። ለጊዜው ለመተንፈስ «ጆርናልሲቲኤል --ቫኪዩም-ሳይዝ=200ኤም» ይሞክሩ (ኤም ትልቅ ፊደል ነው)። ትልቅ ሎግ አጥፍተው ቦታው ካልተመለሰ ፋይሉን የያዘው ፕሮግራም ገና አልለቀቀውም፤ «ኤልኤስኦኤፍ +ኤል1» ያሳይዎታል፣ እዚህም ኤል ትልቅ ፊደል ነው። ዲስኩ ሞልቶ ሳለ /ኢቲሲ/ሻዶው የሚባለውን በጽሑፍ አርታኢ ከፍቶ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይሞከር፤ ፋይሉ ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይገባም።

ፋይሉ «የማይነካ» ምልክት አለበት። «ኤልኤስአትር /ኢቲሲ/ሻዶው /ኢቲሲ/ፓስወድ» ይበሉ፤ በሰረዞቹ መካከል ትንሿ አይ ካለች ሩትም ቢሆን አይጽፍም። ፎልደሩንም አይርሱ፦ «ኤልኤስአትር -ዲ /ኢቲሲ»። መፍቻው «ሲኤችአትር -አይ /ኢቲሲ/ሻዶው» ነው። ከመፍታትዎ በፊት ግን ማን እንዳስቀመጠው ይጠይቁ። አንዳንድ የደህንነት ማጠናከሪያ ስክሪፕቶች ያስቀምጡታል፤ ሰርጎ የገባ ሰውም ፓስወርዱ እንዳይቀየርበት ያስቀምጠዋል። መልስ የሚሰጥ ካልተገኘ ጉዳዩን ከፓስወርድ በላይ አድርገው ይያዙት።

የተረሳ ቁልፍ ፋይል። «ፋይሉን መቆለፍ አልተቻለም፣ ቆይተው ይሞክሩ» የሚል መልእክት ከመጣ /ኢቲሲ/ሻዶው.ሎክ ወይም /ኢቲሲ/ፓስወድ.ሎክ የሚባል ፋይል ይፈልጉ። በመሃል የተቋረጠ ሥራ ትቶት የሄደ ነው። «ፒኤስ» አድርገው «ፓስወድ»፣ «ዩዘርሞድ» ወይም «ቪፒደብሊው» እየሠራ አለመሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ይሰርዙት። /ኢቲሲ/.ፒደብሊውዲ.ሎክ የተባለው፣ በነጥብ የሚጀምረው ባዶ ፋይል ግን ሁልጊዜም እዚያ የሚኖር ነው፤ መኖሩ ምልክት አይደለም፣ አይሰረዝም።

የሩት መስመር የለም። /ኢቲሲ/ፓስወድ ውስጥ ሩት ኖሮ ሻዶው ውስጥ ከሌለ መጻፊያ የለውም። «ፒደብሊውሲኬ -አር» ምንም ሳይነካ ጉድለቱን ይዘረዝራል፤ «ፒደብሊውኮንቭ» ደግሞ የጎደለውን መስመር ይፈጥራል።

ፈቃዱ ተዛብቷል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ሻዶው ባለቤቱ ሩት፣ ግሩፑ ሻዶው፣ ፈቃዱ 640 ነው። ሬድ ሃት ቤተሰብ ላይ ግን 000 ነው፤ አሥር ሰረዝ ብቻ ያያሉ። ይህን አይቶ «ተበላሽቷል» ብሎ 644 ማድረግ የሁሉንም ሃሽ ለማንኛውም ተጠቃሚ ማስነበብ ነው። ተራ ተጠቃሚ የራሱን ፓስወርድ መቀየር አቅቶት ሩት ከቻለ ደግሞ /ዩኤስአር/ቢን/ፓስወድ የሚባለውን ፕሮግራም ይዩ፤ በባለቤቱ ፈቃድ ውስጥ ከኤክስ ይልቅ ኤስ መኖር አለበት። ከሌለ «ሲኤችሞድ 4755» ይመልሰዋል። ምልክቱ እያለም ካልሠራ ክፍልፋዩ በ«ኖስዩድ» ተማውንቶ ሊሆን ይችላል።

ኤስኢሊኑክስ (በፋይሎች ላይ በሚለጠፍ መለያ ፈቃድ የሚቆጣጠር የደህንነት ሥርዓት)። ፋይሉ ከሌላ ቦታ ተገልብጦ ከመጣ መለያው ይለወጣል። «ኤልኤስ -ዜድ /ኢቲሲ/ሻዶው» (ዜድ ትልቅ) «ሻዶው_ቲ» የሚል ካላሳየ «ሪስቶርኮን -ቪ /ኢቲሲ/ሻዶው» ያስተካክለዋል። ኤስኢሊኑክስን ጨርሶ ማጥፋት መፍትሔ ሳይሆን ጥያቄውን መሸሽ ነው።

ኮንቴይነር ውስጥ ከሆኑና ሻዶው ፋይል ብቻውን ከውጭ ተማውንቶ ከገባ፣ የተማውንተ ፋይል ስሙ ስለማይተካ ሥራው ሁልጊዜ ይከሽፋል። ፓስወርዱን ከውጭ፣ ምንጩ ላይ ይቀይሩ።

እነዚህ ሁሉ ንጹሕ ሆነው ከተገኙ የሚቀረው ፓም ነው፤ ፓስወርድን የሚያጣራው የሞጁሎች ሰንሰለት። እሱን ለመለየት ጥሩ ዘዴ አለ። «ኦፕንኤስኤስኤል ፓስወድ -6» ብለው አዲስ ሃሽ ያውጡ፤ ከዚያ «ዩዘርሞድ -ፒ» ብለው ሃሹን በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው «ሩት» ይበሉ። ይህ መንገድ የፓምን የፓስወርድ ሰንሰለት ሳይነካ በቀጥታ ፋይሉን ይጽፋል። ከሠራ ፋይሉ ደህና ነው፣ ጥፋቱ ፓም ላይ ነው፤ ይህም ካልሠራ ከላይ ከተዘረዘሩት አንዱ አምልጦዎታል። ፓምን ለመጠገን ኡቡንቱ ላይ «ፓም-ኦዝ-አፕዴት»፣ ሬድ ሃት ላይ «ኦዝሴሌክት» ይጠቀሙ፤ /ኢቲሲ/ፓም.ዲ ውስጥ በእጅ የሚደረግ ጥገና በሚቀጥለው ዝመና ሊጠፋ ይችላል።

ደንቡ ሲከለክል

ይህ ቀላሉ ነው። «ፓስወርዱ አጭር ነው» ወይም «ከመዝገበ ቃላት የተወሰደ ነው» ሲል፣ ሩት ሆነው ከሆነ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ ደግመው ቢጽፉት ይቀበላል። /ኢቲሲ/ሴኪዩሪቲ/ፒደብሊውኳሊቲ.ኮንፍ ውስጥ «ኢንፎርስ_ፎር_ሩት» ከተጻፈ ግን ሩትም አይታለፍም። «ለመቀየር ገና ነው» የሚለው ለተራ ተጠቃሚ የሚመጣው ዝቅተኛው የቆይታ ቀን ስላላለፈ ነው፤ «ቼጅ -ኤም 0» ብለው ስሙን ሲያስከትሉ ይነሳል። እዚህ ላይ ኤም ትንሽ ፊደል ነው፤ ትልቁ ኤም ከፍተኛውን ዕድሜ ስለሚቀይር 0 ቢሰጡት ፓስወርዱን ጊዜው ያለፈበት ያደርጉታል።

ሃሹ ተለውጦ መግባት ካልተቻለ

እዚህ ብዙ ሰው ኤስኤስኤችን (ከርቀት የሚገባበትን አገልግሎት) ይወቅሳል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ግን በግምት አይሂዱ። በተራ ተጠቃሚ ይግቡና «ኤስዩ -» ብለው አዲሱን ፓስወርድ ይስጡ። ከሩት ላይ ሆነው አይሞክሩት፤ ሩት «ኤስዩ» ሲል ፓስወርድ አይጠየቅም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚሠራ ይመስላል።

«ኤስዩ» ሠርቶ ኤስኤስኤች እምቢ ካለ፣ ፓስወርዱ ትክክል ነው። ከኦፕንኤስኤስኤች 7.0 (እ.ኤ.አ. 2015) ጀምሮ ሩት በፓስወርድ እንዳይገባ፣ በቁልፍ ብቻ እንዲገባ ነባሪ ሆኗል። በሥራ ላይ ያለውን ውቅር የሚያሳየው «ኤስኤስኤችዲ -ቲ» ነው፤ ቲ ትልቅ ፊደል ነው። ከውጤቱ «ፐርሚትሩትሎጊን» እና «ፓስወርድኦተንቲኬሽን» የሚሉትን ሁለት መስመሮች ይፈልጉ። ዋናውን የውቅር ፋይል አስተካክለውም ካልተለወጠ /ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኤስኤስኤችዲ_ኮንፊግ.ዲ ውስጥ ይግቡ፤ ኤስኤስኤች መጀመሪያ ያነበበውን እሴት ይይዛል፣ ይህ ፎልደር ደግሞ ከፋይሉ አናት ላይ ነው የሚነበበው። የክላውድ ሰርቨሮች ላይ ክላውድ-ኢኒት በ50 የሚጀምር ፋይል እዚያ ያስቀምጣል። ያም ሆኖ ምክራችን ሩትን በፓስወርድ ለኢንተርኔት አለመክፈት ነው፤ በተራ ተጠቃሚ በቁልፍ ገብቶ «ሱዶ» ማለት ይሻላል።

«ኤስዩ» ራሱ እምቢ ካለ የሚከተሉትን ይመልከቱ።

አካውንቱ በተደጋጋሚ ስህተት ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፦ «ፌይልሎክ --ዩዘር ሩት» ሙከራዎቹን ይዘረዝራል፤ መጨረሻው ላይ «--ሪሴት» ሲጨምሩ ይሰረዛሉ። ሩት በዚህ የሚቆለፈው «ኢቭን_ዲናይ_ሩት» ሲበራ ብቻ ነው። ከፈቱት በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ከተቆለፈ አሮጌውን ፓስወርድ ይዞ የሚያንኳኳ ነገር አለ፤ የመከታተያ ሲስተም ወይም የባክአፕ ስክሪፕት ይሆናል። አድራሻው /ቫር/ሎግ/ኦዝ.ሎግ ውስጥ ይገኛል፣ ሬድ ሃት ላይ ደግሞ /ቫር/ሎግ/ሴኪዩር ውስጥ።

ዕድሜው አልፎም ይሆናል፦ «ቼጅ -ኤል ሩት»። የሰርቨሩን ሰዓትም በ«ዴት» ያረጋግጡ፤ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ሰዓቱ ከተዛባ የቀን ስሌቱ ሁሉ ይዛባል።

ከዚህ የሚከፋው ግን ፓስወርዱ እርስዎ ያሰቡት አለመሆኑ ነው። የምናውቃቸው መንገዶች እነዚህ ናቸው።

በስክሪፕት «ኤኮ» አድርገው ወደ «ሲኤችፓስወድ» ሲልኩ፣ ፓስወርዱ ውስጥ $ ካለና በድርብ ትእምርተ ጥቅስ ከተከበበ ሼሉ ከ$ ቀጥሎ ያለውን የተለዋዋጭ ስም አድርጎ ይወስደዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ይጠፋል። 14 ምልክት የጻፉት ፓስወርድ 8 ሆኖ ይቀመጣል፣ ስህተት ግን አይታይም። ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ይጠቀሙ።

ዝርዝሩ ዊንዶውስ ላይ ተጽፎ ከመጣ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ የመመለሻ ምልክት አለ፤ «ሲኤችፓስወድ» የፓስወርዱ አካል አድርጎ ይቀበለዋል። ይህን በኪቦርድ ደግሞ መተየብ አይቻልም። «ካት -ኤ» (ኤ ትልቅ) ብለው መስመሩ መጨረሻ ላይ ^ኤም ካዩ «ቲአር -ዲ '\አር'» ያጽዱት።

አንሲብል (ሰርቨሮችን በአውቶሜሽን የሚያዋቅር መሣሪያ) ላይ የዩዘር ሞጁል የሚጠብቀው ሃሽ ነው። ተራ ፓስወርድ ከሰጡት እንዳለ ሻዶው ውስጥ ይጽፈዋል፤ መግባት አይቻልም፣ ምሥጢሩም ፋይሉ ላይ በግልጽ ይነበባል።

የኪቦርድ አቀማመጥ ደግሞ አለ። ኮንሶሉ ላይ ያለው አቀማመጥ ከላፕቶፕዎ ከተለየ እንደ @ ያሉ ምልክቶች ቦታ ይቀያየራሉ። የተጠቃሚ ስም ቦታ ላይ ፓስወርዱን ጽፈው ቢያዩት ልዩነቱ ይታያል፤ ግን ሳያስገቡ ያጥፉት፣ አለበለዚያ ሎግ ላይ ይቀራል። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ሳለ ፓስወርድ ማስገባትም እዚሁ ይመደባል። በግዕዝ ፊደል የተሠራ ፓስወርድ ሲታሰብ ማንም የማይገምተው ይመስላል፤ የሩት አድርጎ መጠቀም ግን አይመከርም። መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ማዳኛ ሁኔታ ላይ ሲቆም፣ ጥቁሩ ኮንሶል ላይ ፊደሉን መጻፊያ የለም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል፤ 8 ባይት ብቻ የሚያነበው የጥንቱ ዴስ ሃሽ ከሁለት ፊደል በላይ ሙሉ አድርጎ አያይም።

ሠርቶ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካልሠራ ጣልቃ የሚገባ አውቶሜሽን አለ። ፐፔት በነባሪ በየ30 ደቂቃው ይሠራል፤ ውስጡ የአሮጌው ፓስወርድ ሃሽ ካለ እየመለሰ ያስቀምጠዋል። ፓስወርዱን እዚያው ምንጩ ላይ ይቀይሩ።

ፓስወርዱ ጭራሽ ከጠፋ

ሰርቨሩን በአካል ወይም በኮንሶል ማግኘት ያስፈልጋል። ዲስኩ በሉክስ ከተመሰጠረ የማመስጠሪያውን ቃል ማወቅ ግድ ነው፤ ለዚያ ማለፊያ መንገድ የለም። ግሩብ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) በፓስወርድ ከተቆለፈም በላይቭ ዩኤስቢ መነሳት ነው። የተለመደው ሂደት ይህ ነው።

1. ሪስታርት ያድርጉ፤ የግሩብ ዝርዝር ሲመጣ የላይኛውን መርጠው ኢ ይጫኑ። ኡቡንቱ ላይ ዝርዝሩ ካልታየ ሲነሳ ኢስኬፕ ወይም ሺፍት ይጫኑ።

2. «ሊኑክስ» በሚለው የሚጀምረውን መስመር ይፈልጉ። «አርኦ» የሚለውን «አርደብሊው» ያድርጉት፤ «ኳየት»፣ «ስፕላሽ» እና «አርኤችጂቢ» ካሉ ያጥፉ፤ መጨረሻው ላይ «ኢኒት=/ቢን/ባሽ» ይጨምሩ። ቨርቹዋል ማሽን ከሆነና «ኮንሶል=» የሚል ካለ እሱንም ያውጡ፤ አለበለዚያ ሼሉ እርስዎ በማያዩት ሲሪያል ፖርት ላይ ተከፍቶ ስክሪኑ የቆመ ይመስላል።

3. ኮንትሮል ኤክስ ወይም ኤፍ10። የ# ምልክት ሲመጣ «ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /» ይበሉ።

4. «ፓስወድ ሩት»። አዲሱን ሁለት ጊዜ ያስገቡ።

5. ኤስኢሊኑክስ ባለበት ሁሉ «ተች /.አውቶሪሌብል»። ይህን የዘለለ ሰው ፓስወርዱን ቀይሮ ሳለ መግባት ያቅተዋል፤ አዲሱ ሻዶው ፋይል ያለ ትክክለኛ መለያ ስለተጻፈ።

6. «ሲንክ»፣ ከዚያ «ኤግዜክ /ኤስቢን/ኢኒት»። እንዲሁ በኃይል አያጥፉት፤ የተጻፈው ገና ዲስክ ላይ ላይደርስ ይችላል።

አምስተኛውን ካደረጉ ሰርቨሩ ሲነሳ ለፋይሎቹ አንድ በአንድ መለያቸውን እንደገና ይሰጣል። ትልቅ ዲስክ ላይ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ «ቆመ» ብለው አያቋርጡት።

ኮንሶል የማይሰጥ የክላውድ ማሽን ከሆነ፣ ያጥፉትና ዲስኩን ከሌላ ማሽን ጋር አያይዘው ያማውንቱት፣ በ«ሲኤችሩት» ወደዚያ ዲስክ ሲስተም ገብተው ይቀይሩ። ሁለቱ ማሽኖች ከአንድ ኢሜጅ ከተፈጠሩና ፋይል ሲስተሙ ኤክስኤፍኤስ ከሆነ መለያ ቁጥራቸው ስለሚመሳሰል አይማውንትም፤ «ማውንት -ኦ ኖዩዩአይዲ» ያስፈልጋል። ኤልቪኤም ከሆነ አስቀድመው «ቪጂቼንጅ -ኤዋይ» ይበሉ።

ፍሪቢኤስዲና ኤአይኤክስ

ፍሪቢኤስዲ ላይ ሻዶው የለም፤ ያለው /ኢቲሲ/ማስተር.ፓስወድ ነው። ሲስተሙ የሚያነበው ግን ይህንን ሳይሆን ከእሱ የሚሠራውን ዳታቤዝ ነው። ስለዚህ ፋይሉን በአርታኢ አስተካክሎ መውጣት ምንም ለውጥ አያመጣም፤ «ቪፒደብሊው» ቢጠቀሙ ዳታቤዙን ራሱ ያድሳል፣ ካልሆነ «ፒደብሊውዲ_ኤምኬዲቢ -ፒ /ኢቲሲ/ማስተር.ፓስወድ» ይበሉ። ፓስወርዱ ሲጠፋ ከቡት ሜኑው ነጠላ ተጠቃሚ ሁኔታን ይምረጡ፤ «ማውንት -ዩ /»፣ ዜድኤፍኤስ ከሆነ «ዜድኤፍኤስ ማውንት -ኤ» ጨምረው «ፓስወድ» ይበሉ። /ኢቲሲ/ቲቲዋይስ ውስጥ ኮንሶሉ «ኢንሴኪዩር» ከተባለ ግን እዚያም የሩት ፓስወርድ ይጠየቃሉ። «ቱር» የሚባል ሌላ አካውንት ሲያዩ አይደንግጡ፤ ቁጥሩ 0 የሆነ የሩት መንታ ነው፣ ፓስወርዱ ለብቻው ነው።

ኤአይኤክስ ላይ ሃሹ ያለው /ኢቲሲ/ሴኪዩሪቲ/ፓስወድ ውስጥ ነው። ሩት የሌላ ሰው ፓስወርድ ሲቀይር «አድምችግ» የሚል ምልክት ይጨመርና ሰውዬው ሲገባ እንደገና እንዲቀይር ይገደዳል። በሰው ለሚጠቀሙት አካውንት ጥሩ ነው፤ በስክሪፕት የሚገባ አካውንት ላይ ግን ሥራው ሁሉ ይቆማል። «ፒደብሊውዲኤድም -ሲ» ብለው ስሙን ሲያስከትሉ ምልክቱ ይነሳል። በአሮጌው ክሪፕት የሚሠራ ኤአይኤክስ ከፓስወርዱ የመጀመሪያዎቹን 8 ምልክቶች ብቻ ያያል፤ አዲሱ ፓስወርድ ከአሮጌው የሚለየው ከዘጠነኛው ምልክት በኋላ ከሆነ አሮጌውም መግባቱን ይቀጥላል።

ከተቀየረ በኋላ

ክሮን (ሥራዎችን በተያዘላቸው ሰዓት የሚያስነሳው) በማግስቱ ካልሠራ የሩትን ዕድሜ ይዩ። ዕድሜው ያለፈ አካውንት የክሮን ሥራ ፓም ላይ ይወድቃል፤ ሎጉ «ቶክኑ አይሠራም፣ አዲስ ያስፈልጋል» ይላል። ማታ ባክአፕ ሳይያዝ ቀርቶ ጠዋት የሚታወቀው እንዲህ ነው። ስክሪፕቶች ውስጥ፣ የመከታተያ ሲስተም ውስጥ፣ የሰርቨር ክፍሉ ፖስታ ውስጥ ያለውን አሮጌ ፓስወርድም በዚያው ቀን ይቀይሩ።

ፓስወርዱን የቀየሩት አንድ ሠራተኛ ስለለቀቀ ወይም ሰው ገብቷል ብለው ስለጠረጠሩ ከሆነ፣ የተነካው አንዱ በር ብቻ ነው። «ደብሊው» ብለው አሁን የገቡትን ይዩ፤ ቀድሞ የተከፈተ ሴሽን እንደተከፈተ ነው። /ሩት/.ኤስኤስኤች/ኦተራይዝድ_ኪስ ውስጥ ያሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ ይለዩ፣ ባለቤቱ ያልታወቀውን ያውጡ። /ኢቲሲ/ፓስወድ ውስጥ ሦስተኛው ክፍል 0 የሆነ ከሩት ሌላ ስም ካለ እሱም ሩት ነው። /ኢቲሲ/ሱዶወርስ.ዲ ውስጥ ያለ ፓስወርድ የሚያሳልፍ መስመርም እንዳይቀር። ይህ ሲያልቅ በአዲስ መስኮት ገብተው ያረጋግጡ፣ መጀመሪያ ላይ ከፍተው ሳይነኩት ያቆዩትን መስኮት ይዝጉ፣ /ሩት/ሻዶው.ባክ የሚለውን ቅጂም ያጥፉ።